ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፤ ታዲያ የመጨረሻው ቃል የማን ነው?

አባቶቻችን ስለ ሕግና ስለ ሥልጣን ሁለት የማይታረቁ ቃሎች አውርሰውናል። አንደኛው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት ነው። ሁለተኛው «በሕግ አምላክ!» የሚለው ጥሪ ነው። የመጀመሪያው፣ ሥልጣን የጨበጠ ሰው ከሕግ በላይ ነውና አርፈህ ተቀመጥ ይላል። ሁለተኛው ግን ጦርም ጋሻም የሌላት ባልቴት እንኳ ብትጠራው ዱላ ያነሣ ጎረምሳን እጅ የሚያስመልስ ቃል ነበር። አንድ ሕዝብ ሁለቱንም በአንድ አፉ ሲናገር መኖሩ ይገርማል። «በሕግ አምላክ» ጎረቤት ጎረቤቱን እንዳይበድል ሲገታ ኖሯል፤ ቤተ መንግሥቱ በር ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ይጠፋል።

ሕገ መንግሥታዊ መንግሥት ማለት ምን ማለት ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ አጭር ነው። «በሕግ አምላክ» የሚለው ጥሪ ቤተ መንግሥት ውስጥም የሚሰማበት፣ የተጠራውም ባለሥልጣን ወዶም ሆነ ሳይወድ የሚቆምበት መንግሥት ማለት ነው።

የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ እንጀራዬ ምህንድስና ነው። ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ ከሕግ ሊቃውንት የምትጠብቁትን ጥልቀት ከእኔ አትጠብቁ። ነገር ግን የሙያዬ አንድ መመሪያ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ገፋፍቶኛል። ሕንጻውን የሚሠራው ተቋራጭና ሥራውን የሚመረምረው መሐንዲስ አንድ ሰው መሆን የለባቸውም። ኮንክሪት ሲሞላ ናሙና ይወሰዳል፤ ናሙናው በ28ኛው ቀን በቤተ ሙከራ ተጨምቆ ይሰበራል። ጥንካሬው ከታዘዘው በታች ከሆነ ሥራው ይቆማል፤ ካስፈለገም ይፈርሳል። ናሙናውን የሚሰብረው ተቋራጩ ራሱ ከሆነ ግን ምርመራ አለ አይባልም። ተቋራጩ የተመሰገነ ጨዋ ሰው ቢሆን እንኳ ነገሩ አይለወጥም፤ ሕንጻው ውስጥ የሚኖረው ሰው በውጤቱ የሚተማመንበት ምክንያት የለውምና።

በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ነጥብ ይኸው አንዱ ነው። ስለ ሕገ መንግሥታችን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስንከራከር የኖርነው ስለ ንድፉ ነው። «ናሙናውን ማን ይስበረው?» የሚለውን ጥያቄ ግን ችላ ብለነዋል። በ2012 ዓ.ም. ጥያቄው ራሱ መጥቶ በራችንን አንኳኳ፤ መልስ አልነበረንም።

ሕገ መንግሥት መያዝና በሕገ መንግሥት መገዛት

ኢትዮጵያ የሕገ መንግሥት ድሃ ሆና አታውቅም። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት «ሰጡ»። አርቃቂው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ በአብዛኛው የተከተሉትም የጃፓንን እ.ኤ.አ. የ1889 ሕገ መንግሥት ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ወጣ። በ1979 ዓ.ም. ደርግ በሕዝበ ውሳኔ አጸደቅሁ ያለው የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት መጣ። በ1983 ዓ.ም. የሽግግር ዘመኑ ቻርተር ተከተለ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ደግሞ በነሐሴ ወር 1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ጸደቀ።

የመጀመሪያው ተሰጠ መባሉ ብዙ ይናገራል። የሰጠ ይነሣልና። የተሻሻለው የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 122 ሕገ መንግሥቱ የአገሪቱ የበላይ ሕግ ነው ሲል በአንቀጽ 62 ንጉሠ ነገሥቱን ለመክሰስ ማንም መብት እንደሌለው ደነገገ። ተረቱ ቁጥር ተሰጥቶት አንቀጽ ሆነ ማለት ነው። ለእውነቱ ከሆነ ያው አንቀጽ 62 ጉዳት የደረሰበት ሰው መንግሥትንና ሚኒስቴሮቹን በፍርድ ቤት መክሰስ እንደሚችልም ይፈቅዳል፤ ለዘመኑ ቀላል ነገር አልነበረም። ይሁን እንጂ ሥልጣኑ ሁሉ ከአንድ ሰው በሚመነጭበት አገር፣ ያ አንድ ሰው የማይከሰስ ከሆነ፣ የቀረው ክስ ቅርንጫፍ እየቆረጡ ግንዱን እንደመተው ነው።

እንግዲህ ሕገ መንግሥት መያዝ አንድ ነገር ነው፤ በሕገ መንግሥት መገዛት ሌላ ነገር ነው። በሕገ መንግሥት ለመገዛት ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። የሥልጣን ወሰን ሊኖር ይገባል። ወሰኑ ጠብ ከመነሣቱ በፊት የታወቀ መሆን አለበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ባለሥልጣኑ ወሰኑን ሲያልፍ «አልፈሃል» የሚል፣ ከባለሥልጣኑ የተለየና ቃሉ የሚከበር አካል መኖር አለበት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ጥሩ ብዕር ያለው ሰው በአንድ ክረምት ሊጽፋቸው ይችላል። ሦስተኛው ግን በብዕር ብቻ አይገኝም፤ ካልተጻፈ ደግሞ ከቶ አይገኝም።

ሁለት መሪዎች የወረዱበት ክረምት

ልዩነቱን ለማየት የ1966ቱን ክረምት ማስታወስ ይበቃል። በዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን በቢሮአቸው የተቀዳውን የድምፅ ክር ለመርማሪዎች አላስረክብም ብለው ነበር። ሐምሌ 17 ቀን 1966 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 8 ለ 0 በሆነ ድምፅ «ታስረክባለህ» አላቸው። ከስምንቱ ዳኞች ሦስቱን የሾሟቸው ኒክሰን ራሳቸው ነበሩ፤ ፍርዱን የጻፉትም ከሦስቱ አንዱ የሆኑት ዋናው ዳኛ ዋረን በርገር ናቸው። ፍርድ ቤቱ ጦር የለውም። ጦሩን የሚያዙት ኒክሰን ነበሩ። ክሩን አስረከቡ፤ ነሐሴ 3 ቀንም ሥልጣናቸውን ለቀው ሄዱ። አንድ ጥይት አልተተኮሰም።

ከ34 ቀን በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን መኪና ከቤተ መንግሥታቸው ተወሰዱ። በዚያው ዕለት የወጣው የደርግ አዋጅ ቁጥር 1 የ1948ቱን ሕገ መንግሥት አገደ። ኅዳር 14 ቀን ምሽት ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድ ጭምር ያሉባቸው ወደ ስድሳ የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ።

ብዙ ሰው ይህን ሲያነጻጽር «አሜሪካኖች ሠለጠኑ፣ እኛ አልሠለጠንንም» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ አልስማማም። በዚያ ክረምት ንጉሡን መጠየቅ የሚገባው ጉዳይ እንዳለ የወሎ ረሃብ ያላስተማረው ሰው አልነበረም። የጎደለው መጠየቂያው መንገድ ነው። ንጉሥ የማይከሰስ ከሆነ ለበደሉ ሁለት መንገድ ብቻ ይቀራል፤ ዝም ማለት ወይም መገልበጥ። የማይከሰስ ንጉሥ የሚገለበጥ ንጉሥ ነው። ተረቱ ንጉሡንም አላዳነውም።

ሌላው አንቀጽ 62

አሁን ወደ 1987ቱ ሕገ መንግሥት እንምጣ። ሰነዱን የሚጠሉትም የሚወዱትም አንድ ነገር ሊክዱ አይችሉም። የሰብዓዊና የዴሞክራሲ መብቶች ምዕራፉ ረጅምና ዝርዝር ነው። አንቀጽ 9 ሕገ መንግሥቱ የበላይ ሕግ መሆኑን፣ የሚቃረነው ሕግም ሆነ የባለሥልጣን ውሳኔ ተፈጻሚነት እንደማይኖረው በማያሻማ ቃል ይናገራል። ንጉሥ የለም፤ የማይከሰስ ሰውም በስም አልተጠቀሰም።

ታዲያ አንድ ሕግ ወይም ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ተቃርኗል ወይስ አልተቃረነም የሚለውን ማን ይወስናል? መልሱ በአጋጣሚ እንደገና በአንቀጽ 62 ላይ ይገኛል። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው ይላል። አንቀጽ 83 ይህንኑ ያጠናክራል። አንቀጽ 82 እና 84 ደግሞ 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባዔን ያቋቁማሉ። የጉባዔው ሰብሳቢ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ናቸው፤ ምክትላቸውም አባል ናቸው፤ ስድስት የሕግ ባለሙያዎችና ከፌዴሬሽን ምክር ቤት የተወከሉ ሦስት ሰዎች አሉበት። ጉባዔው ግን ሐሳብ ያቀርባል እንጂ የመጨረሻውን ቃል አይናገርም። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው።

የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት ደግሞ እነማን ናቸው? የክልል ምክር ቤቶች የሚመርጧቸው የፖለቲካ ሰዎች ናቸው። በ2007ቱ ምርጫ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ 547ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ሲወስዱ የክልል ምክር ቤቶችንም ያዙ። ስለዚህ ሕጉን የሚያወጣው፣ ሕጉን የሚያስፈጽመውና ሕጉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አይጥስም ብሎ የሚፈርደው በአንድ የፓርቲ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሚገናኝ ቤተሰብ ሆነ። ተቋራጩ የራሱን ናሙና የሚሰብርበት ቤተ ሙከራ ማለት ይህ ነው።

አርቃቂዎቹ ምክንያት አልነበራቸውም አልልም። ሕገ መንግሥቱ በብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች መካከል የተደረገ ቃል ኪዳን ነው፤ ቃል ኪዳኑን ሊተረጉሙ የሚገባቸውም ባለቤቶቹ ናቸው እንጂ ማንም ያልመረጣቸው ዳኞች አይደሉም የሚል ነበር ክርክራቸው። ክርክሩ ከባድ ነው፤ በንቀት የሚታለፍም አይደለም። ነገር ግን አንድ ቀዳዳ አለበት። ሁለት ሰዎች ውል ሲዋዋሉ ባለቤቶቹ ሁለቱም ናቸው። ሲጣሉ ግን አንደኛው ተነሥቶ «ባለቤት ስለሆንኩ የምተረጉመው እኔ ነኝ» ቢል ሁለተኛው ውሉን ቀድዶ ከመነሣት ሌላ ምን አማራጭ ይኖረዋል? አባቶቻችን በሽምግልና እንኳ ከሁለቱም ወገን የማይሆን መሐል ሽማግሌ የሚፈልጉት ለዚህ ነበር።

የታለፉ ሁለት ደወሎች

ይህ ቀዳዳ ድንገት የተገኘ አይደለም። ቢያንስ ሁለት ጊዜ ደወል ተደውሎ ነበር።

በ1993 ዓ.ም. የሕወሓት ክፍፍልን ተከትሎ የቀድሞው መከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ጉዳዩን ያዩት ወጣት ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ተጠርጣሪው ግን ከፍርድ ቤቱ ቅጥር ሳይርቁ እንደገና ተያዙ። በዚያው ሰሞንም በሙስና የተጠረጠረ ሰው የዋስትና መብት እንዳይኖረው የሚያደርግ ሕግ ከፓርላማ ወጣ። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን «እርስ በርሳቸው ይባሉ» ብለን ሳቅን። የተደፈረው የአንድ ሰው ዋስትና ብቻ ሳይሆን የዳኛዋ ብዕር መሆኑን አላስተዋልንም።

ሁለተኛው ደወል ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ተደወለ። የምርጫው ዕለት ማምሻውን ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ሰላማዊ ሰልፍና ስብሰባ ለአንድ ወር መከልከሉን አስታወቁ። ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ክሱ ቀላል ነበር፤ አንቀጽ 30 የሰጠውን የመሰብሰብ መብት አንድ ሰው በቴሌቪዥን ቀርቦ ሊያነሣው ይችላልን? ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ወደ አጣሪ ጉባዔው ላከው፤ ጉባዔውም መመሪያው ሕገ መንግሥቱን አልተቃረነም አለ። ከዚያ በኋላ በሰኔና በጥቅምት ጎዳና ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዳኛዋ ብርቱካንም በዚያው ዓመት የቅንጅት አመራር ሆነው ነበርና ወደ እስር ቤት ወረዱ።

የፈተናው ቀን

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ልብ ወለድ ቢሆን ደራሲው አጋነነ ይባል ነበር። ብርቱካን ሚደቅሳ ከእስርና ከስደት በኋላ በ2011 ዓ.ም. ወደ አገር ተመልሰው የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። ለነሐሴ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የታቀደውን ምርጫ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ማካሄድ እንደማይቻል ቦርዱ መጋቢት 22 ቀን ሲያስታውቅ መሪዋ እሳቸው ነበሩ።

ችግሩ እውነተኛ ነበር። አንቀጽ 58 የምክር ቤቱ ዘመን አምስት ዓመት ነው፣ አዲሱ ምርጫም ዘመኑ ከማብቃቱ ከአንድ ወር በፊት ይጠናቀቃል ይላል። ወረርሽኝ ቢመጣስ? ሕገ መንግሥቱ አይናገርም። መንግሥት አራት አማራጮች አቀረበ፤ ምክር ቤቱን መበተን፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል፣ ትርጉም መጠየቅ። ሚያዝያ 27 ቀን የተወካዮች ምክር ቤት አራተኛውን መረጠ። በግንቦት ወር አጣሪ ጉባዔው የሕግ ምሁራንን በቴሌቪዥን በቀጥታ እየተላለፈ አከራከረ። ብዙዎቻችን እዚህ በባዕድ አገር ሌሊት ተቀምጠን ተከታትለነዋል። እንደዚያ ያለ ክርክር በአገራችን ታይቶ አያውቅም፤ እኔም ኮርቼ ነበር።

ነገር ግን ክርክሩ የተደረገው በአንድ ቤት፣ የመጨረሻው ቃል የተነገረው በሌላ ቤት ነው። ሰኔ 1 ቀን የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባዔ ኬሪያ ኢብራሂም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሰኔ 3 ቀን ምክር ቤቱ በ114 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተአቅቦ ምርጫው እንዲራዘም፣ የፌዴራሉና የክልል ምክር ቤቶች ዘመንም አብሮ እንዲቀጥል ወሰነ። የራሳቸው ዘመን ይራዘም አይራዘም የሚለውን ጥያቄ የወሰኑት ዘመናቸው የሚራዘምላቸው ሰዎች ነበሩ።

ውሳኔው በይዘቱ ስሕተት ነው አልልም። ምናልባትም የተሻለው አማራጭ ይሆናል፤ ነጻ ፍርድ ቤት ቢሆንም ያንኑ ሊፈርድ ይችል ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ፍርድ የሚለካው አሸናፊው በመቀበሉ አይደለም፤ አሸናፊ ሁልጊዜ ይቀበላል። የሚለካው ተሸናፊው ቤቱ ገብቶ በመተኛቱ ነው። በዚያን ጊዜ ተሸናፊው ወገን ሕወሓት ነበር፤ አልተቀበለም። የራሱን የምርጫ ኮሚሽን አቋቁሞ ጳጉሜን 4 ቀን ምርጫ አካሄደ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ምርጫው እንዳልተደረገ ይቆጠራል አለ። መቀሌም ከመስከረም 25 በኋላ ሕጋዊ ፌዴራል መንግሥት የለም አለች። ሁለቱም ወገን ሕገ መንግሥቱን እየጠቀሰ፣ ሁለቱም «ሕገ ወጥ» እየተባባለ፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ጦርነት ገቡ።

ጦርነቱ በአንድ የሕግ ክርክር ብቻ ተነሣ የምል የዋህ አይደለሁም። ቂሙ፣ የሥልጣን ሽኩቻው፣ የታጠቀው ኃይል ብዛት ሁሉ ነበረ። በፕሪቶሪያ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ስምምነት እስኪፈረም ድረስ የሞተውን ሰው ቁጥር የአፍሪካ ኅብረት ልዑክ የነበሩት ኦባሳንጆ እስከ 600 ሺህ ሊደርስ እንደሚችል ተናግረዋል። ይህን ሁሉ አንድ ፍርድ ቤት ያስቀረው ነበር ብዬ አልምልም። ነገር ግን ሁለት የታጠቁ ወንድሞች መሐል የሚቆም፣ ሁለቱም የሚያፍሩት አንድም ተቋም እንዳልነበረን በምስክርነት ልናገር እችላለሁ። የሚያስቆጨው ደግሞ ያን ጊዜ «ዳኛው አያምነኝም፣ እኔም ዳኛውን አላምነውም» ያለው ሕወሓት ራሱ በ1987 ዓ.ም. ቤቱን ሲሠራ መሪ ተቋራጭ የነበረ መሆኑ ነው። በ1997 ዓ.ም. ቤተ ሙከራው የፈረደው ለእሱ ነበር። ለሌላው የሠራው ወንበር ለራሱ ደረሰው። ዛሬ ወንበሩ ላይ የተቀመጡትም ቢያስቡበት መልካም ነው።

ከጎረቤት እንማር

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፣ ለአፍሪካ አይሆንም» የሚል ወዳጅ አለኝ። ፈረንጅ አገር አልወስደውም፤ ሞያሌን ተሻግረን ኬንያ እንግባ።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. የተደረገው የኬንያ ምርጫ ውጤት ሲያወዛግብ ራይላ ኦዲንጋ ፍርድ ቤት አልሄድም አሉ። ዳኞቹን የሾማቸው ተከሳሹ ፕሬዚዳንት ነውና አላምናቸውም ነበር ምክንያታቸው። ክርክሩ ጎዳና ወጣ፤ ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ። ኬንያውያን ከዚያ ደም በኋላ ያወጡት የ2010 ሕገ መንግሥት በርካታ ነገር ይዟል፤ ከሁሉም ለእኔ የሚበልጥብኝ ግን አዲሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ለዳኝነት የሚወዳደሩ ሰዎች በአደባባይ ይፈተናሉ። የፕሬዚዳንት ምርጫ ክርክርም በ14 ቀን ውስጥ እንዲፈረድ ተደነገገ።

በ2013 ኦዲንጋ ከሰሱ፤ ተረቱ፤ ፍርዱን ተቀበሉ። በ2017 እንደገና ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ በዋናው ዳኛ ዴቪድ ማራጋ መሪነት 4 ለ 2 በሆነ ድምፅ ሥልጣን ላይ ያሉትን የኡሁሩ ኬንያታን ምርጫ ሰረዘው። በአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። ኬንያታ ዳኞቹን ወሮበሎች እስከ ማለት ተቆጡ፤ ነገር ግን እንደገና ለመወዳደር ወጡ። በ2022 ኦዲንጋ ለሦስተኛ ጊዜ ከሰሱ፤ ተረቱ፤ አልስማማም ግን አከብራለሁ አሉ። በኬንያ ከዚያ ወዲህ ደም አልፈሰሰም ማለቴ አይደለም፤ በ2017ም ፈሷል። ነገር ግን ያው አንድ ሰው፣ ያው አንድ አገር፤ በ2007 ጎዳና የወጣው ክርክር ኋላ ወደ ችሎት ገባ። የተለወጠው የኬንያውያን ጠባይ ነው ወይስ የዳኛው ወንበር አሠራር?

ሁለት መቃወሚያዎች

አንደኛው መቃወሚያ «ነጻ ዳኛ ከየት ይመጣል?» የሚል ነው። ነጻ ዳኛ ከሰማይ አይወርድም፤ በሹመቱና በስንብቱ አሠራር ይሠራል። ሁሉንም ዳኞች አንድ እጅ በአንድ ቀን ካልሾማቸው፣ ዘመናቸው ከሿሚያቸው ዘመን ከረዘመ፣ የሾማቸው ሰው ሊያነሣቸው ካልቻለ፣ ተራ ሰውም ቀስ በቀስ ነጻ ይሆናል። የ1966ቱ ዋረን በርገር መልአክ ስለነበሩ አይደለም፤ ኒክሰን ሊሾሟቸው እንጂ ሊሽሯቸው ስለማይችሉ ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከበድ ይላል። «ፍርድ ቤትም ይሳሳታል፤ ያን ጊዜስ?» ይሳሳታል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1857 በድሬድ ስኮት ጉዳይ ጥቁር ሰው የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ፈረደ፤ ከአራት ዓመት በኋላ አገሪቱ የእርስ በርስ ጦርነት ገባች። ስለዚህ ፍርድ ቤት ማቋቋም ብቻውን ከመቅሠፍት አያድንም። ግን የእኛ ሰው የሚለውን አስታውሱ፤ በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች። ሰው በቅሎውን የሚያህል ነገር አጥቶ እንኳ የሚጽናናው ተሰምቶ ከተረታ ነው። ሳይሰማ ሲነጠቅ ግን ለጭብጦውም ይሞታል። ይህ የሩቅ አገር ፍልስፍና አይደለም፤ የእኛው ነው።

እኛስ?

እኛ በውጭ ያለን የተማርን ሰዎች ስለ አንቀጽ 39 ስንት ጽሑፍ ጽፈናል? ስለ መግቢያው፣ ስለ አንቀጽ 8፣ ስለ ሰንደቅ ዓላማው ስንት አዳራሽ ተከራይተን ተጯጩኸናል? ርዕሶቹ ከንቱ ናቸው አልልም። ነገር ግን አንቀጽ 39 ነገ ቢሰረዝ ወይም በወርቅ ቢጻፍ፣ የመጨረሻው ቃል የገዢው እስከሆነ ድረስ ሁሉም አንቀጽ የገዢው ነው።

ስለ ራሴም ልናገር። ከዓመታት በፊት አባል በነበርኩበት አንድ የኮሙኒቲ ማኅበር ውስጥ ሊቀ መንበሩ የሥራ ዘመኑ ካለቀ በኋላ አልወርድም አለ። የመተዳደሪያ ደንባችን ግልጽ ነበር። ደንቡን የሚተረጉመው ኮሚቴ ግን የተመረጠው በሊቀ መንበሩ ነበርና «ዘመኑ አላለቀም» ብሎ ተረጎመ። እኔም እጄን አውጥቼ ደገፍኩ፤ ሊቀ መንበሩ ወዳጄ ስለነበረ፣ ተቃዋሚዎቹንም ስለማልወዳቸው። ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ። በመጨረሻ የእኛን ደንብ ለእኛ የተረጎመልን ስማችንን እንኳ በትክክል መጥራት ያልቻለ የፈረንጅ ዳኛ ነው። ሁለታችንም ወገን ፍርዱን ተቀበልን፤ ሊቀ መንበሩም ቁልፉን አስረከበ። ወደ ቤቴ ስነዳ አንድ ነገር አሳፈረኝ። እኛ ሕግ የማናከብር ሰዎች አልነበርንም፤ ያ ዳኛ ሲናገር አክብረናል። ለራሳችን ግን እንደዚያ ያለ ዳኛ አላቆምንም፤ ልናቆም ስንችልም እኔ ለወዳጄ እጄን አወጣሁ።

የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን በ2014 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል አይሻሻል የሚለው ክርክር ደጋግሞ ተነሥቷል። ማሻሻሉ ቀላል አይደለም፤ አንቀጽ 105 የሁለቱን ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የክልሎችን ሁለት ሦስተኛ ስምምነት ይጠይቃል። ይህን ሁሉ መንገድ ተጉዘን ከምናገኛቸው ነገሮች ሁሉ በፊት አንዱን እንጠይቅ። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉም፣ ከየትኛውም ምክር ቤት ተጽዕኖ ነጻ የሆነ፣ ዳኞቹ በአደባባይ ተፈትነው በየተራ የሚሾሙ ፍርድ ቤት ይኑር። የፌዴሬሽን ምክር ቤት የብሔሮች ድምፅነቱን ይያዝ፤ የበጀት ድጎማ ቀመሩንና መሰል የፖለቲካ ጉዳዮችን ይወስን። ገዢውንና ተገዢውን፣ መሐሉንና ክልሉን መዳኘቱን ግን ለዳኛ ይተው።

ይህን የምንጠይቅ ሰዎች አንድ ነገር አስቀድመን ለራሳችን ቃል መግባት አለብን። ያ ፍርድ ቤት አንድ ቀን በእኛ ወገን ላይ ይፈርዳል። ያን ቀን «የተገዛ ዳኛ» ብለን ሳንጮህ ቤታችን ገብተን መተኛት ከቻልን፣ ተረቱን ቀብረን ጥሪውን አነሣን ማለት ነው።

በሕግ አምላክ!

ቸር ይግጠመን።